የአሞሌ አገርና ባለቤቶቹ

የአንድ ከተማ ታሪክ ሲጻፍ አስቀድሞ የሚነሣው የነገሥታቱና የቤተ መንግሥቱ ነገር ነው። መቐለም ስትታወስ፥ ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ መናገሻቸው ማድረጋቸውና በዚያ ያሠሩት ቤተ መንግሥት በቅድሚያ ይጠቀሳሉ። ይህ የሚገባ ነው። ይሁን እንጂ ከተማይቱን ካሳደጓት ነገሮች አንዱ ከበረሃ ተጭኖ ይመጣ የነበረው ጨው ስለ ሆነ፥ የጨዉን ምድር ባለቤት የዐፋርን ሕዝብ ሳናነሣ የመቐለን ታሪክ ጨርሰናል ለማለት አንችልም።

ጨው በአገራችን ማጣፈጫ ብቻ ሳይሆን ገንዘብም ነበር። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፥ ጨው በገንዘብ ፈንታ እንደሚሠራበትና ከማውጫው በራቀ መጠን ዋጋው እንደሚጨምር ጽፏል። በ1887 ዓ.ም. የተቀረጸው የዳግማዊ ምኒልክ ብር እንኳ አሞሌን በአንድ ጊዜ ከገበያ አላስወጣውም።

ከመቐለ ተነሥተን በበርሃሌ በኩል ወደ ሐመድ ኤላ ስንወርድ የደጋው ነፋስ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ከባሕር ወለል 100 ሜትር ያህል ዝቅ ካለው ነጭ ሜዳም እንደርሳለን። ሜዳው በጥንት ዘመን የቀይ ባሕር ውሃ የገባበት ነበር፤ ውሃው በፀሐይ ሲተን ጨዉ ቀረ። በዚያም አንዱ ሠራተኛ ቅርፊቱን በመጥረቢያ ይሰነጥቃል፤ ሌላው በእንጨት ይፈነቅላል፤ ሦስተኛው ጠርቦ እኩል ያደርገዋል። የዐፋር አርብቶ አደሮች ቤት ከሰሌን የተሠራ ነው፤ ሲነሡም ሴቶቹ አፍርሰው በግመል ይጭኑታል። ሁለት ሰዎች በመንገድ ቢገናኙ ዳጉ የተባለውን የወሬ ልውውጥ ሳያደርሱ አይተላለፉም። በሰሜን አውሮፓ የበረዶ አገር የሚኖሩት ሳሚዎችም በጥንት ኑሯቸው ሬይንዲር የተባለውን የአጋዘን ዘር ተከትለው ድንኳናቸውን ይዘው ይጓዙ ነበር። አንዱ በሐሩር፥ ሌላው በቁር፥ ባዕድ ሰው ምድረ በዳ ያለውን አገር አድርጎ ኖረበት።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ጥርጊያው ተሠርቶ የጭነት መኪና ወደ በረሃው ስለ ዘለቀ፥ አርሆ የሚባለው የጨው ቅፍለት እየተመናመነ ሄዷል። መንገዱ ድካም ማቅለሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን የውሃውን ጉድጓድ፥ የማደሪያውን ስፍራና የአጠራረቡን ጥበብ የሚያውቁት ሰዎች ያረጃሉ። የነጋዴውና የንጉሡ ስም በመጽሐፍ ሰፍሯል፤ የጠራቢውና የግመል ነጂው ግን በአፍ ብቻ ይኖራል። ስለዚህ ታሪክ ወዳድ አንባቢያን፥ በተለይም የመቐለና የዐፋር ወጣቶች፥ የእነዚህን ሽማግሌዎች ቃል በዐፋርኛም በትግርኛም በሕይወት ሳሉ ሰብስበው እንዲጽፉ እናሳስባለን።