ሰካራሙ ከእስር ሲወጣ ማን ይጠብቀው?

ሰቆጣ የዋግሹሞች መቀመጫ በነበረችበት ዘመን በአረቄ ግፊት ሰው ከተገደለ ነገሩ ለዳኛ ብቻ አይተውም ነበር፡፡ እንደሌላው የሰሜን ደጋ ሁሉ ሽማግሌና ቄስ መሐል ይገባሉ፤ ካሳ ይቆረጣል፤ ገዳይ ይምላል፤ ዋስ ይጠራል፡፡ መጠጥ ያስቸገረውን ደግሞ የነፍስ አባቱ ይገዝቱታል፡፡ ከዚያ በኋላ አረቄ ቤት ብቅ ቢል መንደሩ በሙሉ ያየዋል፡፡ ይሄ የሱስ ክትትል ነው ብል ሐኪሞች ይስቁብኝ ይሆናል፡፡ ለነገሩ ሽማግሌዎቹም የተጨነቁት ለደም መላሹ እንጂ ለጠጪው ጤና አልነበረም፡፡

በ1949 ዓ.ም. ዘመናዊው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ መጣ፡፡ ያረቀቁት የስዊዘርላንዱ ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ናቸው፡፡ በአገራቸው የ1937 እ.ኤ.አ. ሕግ ዳኛ ልማደኛ ጠጪን ወደ ማገገሚያ መላክ ይችል ነበር፡፡ የእኛው ሕግም ሆን ብሎ ለማጥፋት የሰከረን አይምርም፤ አእምሮው የታወከው እንዲታከም ግን ዳኛው ማዘዝ ይችላል፤ በገደብ የሚለቀቀውንም ከመጠጥ ታቀብ ይለዋል፡፡ በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም ሐሳቡን አልጣለውም፡፡

ታዲያ የት ይታከም? በጣሊያን ወረራ ዘመን የተከፈተው አማኑኤል ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር፡፡ ከሰቆጣ አዲስ አበባ ደግሞ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፡፡ መታቀቡንስ ማን ያያል? ወህኒ ቤቱ ማረሚያ ቤት ተብሏል (ስም መቀየር አይከብደንም)፡፡

ሕክምና ብቻውን በቂ ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ፡፡ አሜሪካኖች በ1935 እ.ኤ.አ. ሌክሲንግተን፣ ኬንታኪ ላይ ለሱሰኛ እስረኞችና በፈቃዳቸው ለሚመጡ ሰፊ ተቋም ከፈቱ፡፡ በ1962 የወጣ ጥናት ግን ወደ ኒውዮርክ ከተመለሱት ከ10ሩ 9ኙ ያህል እንደገና ሱስ ውስጥ እንደገቡ አሳየ፤ አብዛኞቹም በ6 ወር ውስጥ! ካሊፎርኒያ ውስጥ አሚቲ የተባለውን የእስር ቤት ሕክምና የተከታተለ የ1999 ጥናት ደግሞ የበለጠ ይገርማል፡፡ ከተፈቱ በ3 ዓመት ውስጥ ካልታከሙት 75 በመቶ፣ እስር ቤት ውስጥ ብቻ ከታከሙት 79 በመቶ ያህሉ ተመልሰው ታሰሩ፡፡ ውጭም ክትትሉን የጨረሱት ግን 27 በመቶ ብቻ! እርግጥ የሚጨርሱት ቀድሞም ቆራጦቹ ናቸው፤ ቁጥሩን እንዳለ አልውጠውም፡፡ ቢሆንም በ1989 ማያሚ የተጀመሩት የአደንዛዥ ዕፅ ችሎቶችም ወደዚያው ያመለክታሉ፡፡ እዚያ ዳኛው ራሱ ተከሳሹን በየጊዜው እየጠራ ይጠይቀዋል፤ በ2012 የወጣ የጥናቶች ግምገማም ዳግም ጥፋትን ከ50 ወደ 38 በመቶ ገደማ እንደሚያወርዱ ገምቷል፡፡

ወደ ሰቆጣ ስንመለስ ማረሚያ ቤቱ አለ፤ ፍርድ ቤቱ አለ፤ የተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ፡፡ ሽማግሌዎቹም አሉ፡፡ ሰክሮ የተጣላው ልጅ ቅጣቱን ጨርሶ ሲወጣ ግን ዳኛውም ሐኪሙም የመጠየቅ ግዴታ የለባቸውም፡፡ እነዚያው ሽማግሌዎች ዕርቁ ላይ ሲጠሩ ስለ መጠጡም ዋስ ይጠሩ፤ ዋሱም በየወሩ ሆስፒታል ይዞት ይሂድ ቢባል የትኛው ሕግ ይከለክላል?