ውሻ የነገሠባት አገር

ጂንካን የሚያውቅ ሰው ከከተማዋ መካከል ተንጣልሎ የኖረውን የድሮውን የአውሮፕላን ሜዳ ያስታውሳል። አውሮፕላኑ ወደ አዲሱ ማረፊያ ከተዛወረ በኋላ ሣሩ ለከብትና ለኳስ ተጫዋች ልጆች ተትቶ ነበር። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት ለጽሑፍ ሥራ እዚያው ከተማ ቤት ተከራይቼ ስኖር፣ በየማለዳው በዚያ ሜዳ ላይ አንድ ሞኝነት እሠራ ነበር። የሁለት ወር ቡችላ አስቀምጬ ዐሥር እርምጃ እርቅና «ና!» እላለሁ። ቡችላው ይነሣል። ሁለት እርምጃ ወደ እኔ ይመጣል። ቢራቢሮ ያያል፤ ያሳድዳታል። ቢራቢሮዋን ትቶ የላም እበት ያሸታል። እበቱን ትቶ የልጆቹን ኳስ ይከተላል። በመጨረሻ የራሱን ጭራ ያገኝና እንደ አዲስ ነገር ይገረምበታል።

አንድ ቀን ጡረታ የወጡ መምህር ምርኩዛቸውን ተደግፈው ይህን ሲመለከቱ ቆዩና «ልጄ፣ አሠልጣኙ የትኛችሁ ናችሁ?» አሉኝ። ቡችላው ወደሄደበት ሁሉ ስከተል ያየ ሰው እንዲህ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ስሙን ጠየቁኝና «ገና አላወጣሁለትም» ስላቸው «ከልብ በለው» ብለው ስቀው ሄዱ። የቄስ ትምህርት የቀመሰ አንባቢ ነገሩ ይገባዋል። በግዕዝ «ከልብ» ማለት ውሻ ነው። አከራዬ ግን ስሙን በሰሙ ጊዜ «ምን የሚሉት ስም ነው! ውሻ መቻል ነው የሚባለው» አሉ። ከዚያ ወዲህ እሳቸው መቻል፣ እኔ ከልብ እያልን ስንጠራው፣ ያልታደለው ቡችላ ለሁለቱም ስሞች ጆሮ ነፈጋቸው።

የመምህሩ ጥያቄ ግን ከአእምሮዬ አልጠፋም። አንድ በሌላ ጊዜ ያነበብኩትን ጥንታዊ ወሬም አስታወሰኝ። ፕሊኒ የተባለው ሮማዊ ጸሐፊ በአንደኛው መቶ ዓመት በጻፈው የተፈጥሮ ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ፣ በኢትዮጵያ ምድር ውሻ ያነገሡ ሕዝቦች እንዳሉ ይናገራል። ሕዝቡ የንጉሡን ትእዛዝ የሚያውቀው ከእንቅስቃሴው ነው ይላል። ከእርሱ በኋላ የመጣው ኤሊያንም ወሬውን ይደግመዋል፤ ውሻው ለስለስ አድርጎ ሲያላዝን እንዳልተቆጣ፣ ሲጮህ ደግሞ እንደተቆጣ ይረዱለታል ብሏል። የእነዚህ ሰዎች «ኢትዮጵያ» ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ አገር ሁሉ የሚያጠቃልል ስለሆነ፣ ወሬውን እንደ አገራችን ታሪክ አልወስደውም። እንዲያውም ሩቅ አገር ላይ የሚለጠፍ የተለመደ ተረት ይመስላል። ይሁን እንጂ ተረቱ ሳያስበው አንድ እውነት ነክቷል። ወደ እርሱ እመለስበታለሁ።

ለመሆኑ ሰውና ውሻ በዚህ አካባቢ ስንት ዘመን ተዋወቁ? የታችኛው ኦሞ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 በሪቻርድ ሊኪ የተመራ ቡድን በኦሞ ኪቢሽ ያገኛቸው የሰው አጥንቶች፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣ ጥናት መሠረት ቢያንስ 233,000 ዓመት ዕድሜ አላቸው። ውሻ ግን ከተኩላ ዘር ለምዶ ከሰው ጋር መኖር የጀመረው በሌላው ዓለም ነው። በአፍሪካ የታወቁት እጅግ ጥንታዊ የለማዳ ውሻ ቅሪቶች በግብፅ የተገኙ ሲሆኑ፣ ከስድስት እስከ ሰባት ሺህ ዓመት ገደማ ይገመታሉ። በማጎ ፓርክ የሚኖረው የዱር ውሻ ስሙ ውሻ ይሁን እንጂ ሌላ ፍጡር ነው፤ ከቤት ውሻ ጋር እንኳ አይዳቀልም። ስለዚህ ኦሞ ላይ ነባሩ ሰው፣ እንግዳው ውሻ ነው። እንግዳን ደግሞ የቤቱን ሥርዓት ማስተማር የባለቤቱ ፋንታ ነው።

እንዴት ነው ያስተማርነው? በልጅነቴ በሰፈራችን የማውቀው ዘዴ አጭር ነበር። ቡችላውን ጆሮውን መቁረጥ፣ ቀን ቀን በጨለማ ክፍል ማሰር፣ ሌሊት መፍታት። ይህ «ኃይለኛ» ያደርገዋል ይባል ነበር። የሚያጠፋ ቡችላ በዱላ ይቀመሳል፤ የሚጫወት ቡችላ ደግሞ «ይሄ ለምንም አይሆን» ተብሎ ሜዳ ላይ ይጣላል። ይህ የእኛ ብቻ ጥፋት አልነበረም። ጀርመናዊው የፖሊስ መኮንን ኮንራድ ሞስት እ.ኤ.አ. በ1910 ያሳተመውና ለብዙ የጦርና የፖሊስ ውሾች መምሪያ የሆነው መጽሐፍ፣ በእጅጉ በማስገደድ ላይ የቆመ ነው።

ሐሳቡን የቀየሩት ሥራዎች ቆየት ብለው መጡ። ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር የተባሉ አሜሪካውያን በሜን ግዛት ለብዙ ዓመታት ቡችሎችን አሳድገው ያገኙትን እ.ኤ.አ. በ1965 በመጽሐፍ አወጡ። ከሦስተኛው እስከ ዐሥራ ሁለተኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ለቡችላ የዕድሜ ልክ መሠረት የሚጣልበት ነው። በዚሁ ምርምር ውስጥ እስከ ዐሥራ አራተኛው ሳምንት ድረስ ሰው ሳይነካቸው ያደጉ ቡችሎች፣ በኋላ ሰውን እንደ አውሬ ሸሽተዋል። እንግዲህ በዚህ ዕድሜ ያለ ቡችላ ቢራቢሮ፣ እበትና ኳስ ላይ ሲቅበዘበዝ ልቡ ጠፍቶ አይደለም፤ ዓለሙን እየተዋወቀ ነው። በዚያ ጊዜ ጨለማ ክፍል ውስጥ ያሰርነው ውሻ ኃይለኛ የሆነ ሲመስለን፣ ያሳደግነው ፈሪ ውሻ ነው። ፈሪ ውሻ ደግሞ ይናከሳል።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ቱርሚ ሄጄ ነበር። በአንድ የሐመር ቤተሰብ የፍየል በረት ውስጥ ከግልገሎች መካከል የተኛ ቡችላ አየሁ። ዐሥር ዓመት የሚሆነውን እረኛ በአስተርጓሚ «ማን ነው የሚያሠለጥነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ልጁ ጥያቄው ግራ ገባው። ቆይቶ «ከፍየሎቹ ጋር ነው የሚውለው» አለኝ። መልሱ ይኸው ነበር። ሬይመንድ ኮፒንገር የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ከእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ ጀምሮ በበግ ጠባቂ ውሾች ላይ ያካሄደው ጥናት የደረሰበትም ይህንኑ ነው። ቡችላው ገና በጨቅላነቱ ከመንጋው ጋር ካደገ መንጋውን ወገኑ ያደርገዋል።

ነገር ግን ቅርበት ሌላ ገጽ አለው። በአካባቢው አርብቶ አደሮች ዘንድ ሃይዳቲድ የሚባል በሽታ እንዳለ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ ጥናት በሐመር በተለይ የሴቶች ችግር መሆኑን አመልክቷል። መንገዱ እንዲህ ነው። ውሻው በበሽታው የተያዘ የበግ ወይም የፍየል ሳምባና ጉበት በጥሬው ይበላል። አንጀቱ ውስጥ ጥቃቅን ትሎች ይፈለፈላሉ፤ እንቁላላቸው ከኩሱ ጋር ወጥቶ ጠጉሩ ላይ ይጣበቃል። ውሻውን የዳሰሰ እጅ ወደ አፍ ሲሄድ እንቁላሉም አብሮ ይሄዳል፤ በሰውየው ጉበት ወይም ሳምባ ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ሆኖ ለዓመታት ያድጋል። ይህ የሩቅ ወሬ እንዳይመስላችሁ። በበዓል ቀን ሳምባውን ለውሻ የማይወረውር ቤት የትኛው ነው?

አከራዬም በፋሲካ የበጉን ሳምባ ለ«መቻል» ሊወረውሩለት ሲሉ ደርሼ «እማማ፣ ቢቀቀል ይሻላል» አልኳቸው። «ለውሻ ወጥ ልሥራለት?» ብለው ሳቁብኝ። ቢሆንም ቀቀሉለት።

የሚያስቅ ያልሆነው ከዚያ ሳምንት በኋላ መጣ። የስድስት ዓመት የልጅ ልጃቸው ከቡችላው ጋር ስትጫወት እጇን በጥርሱ ጫረው። ደም ወጣ። አሮጊቷ ከማድቤት ወጥተው እኔን አዩና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «አስከትበኸዋል?»

አላስከተብኩትም ነበር። ገና ልጅ ነው፣ ሦስት ወር ይሙላው እያልኩ ነበር። ስለ ሮም ጸሐፊዎችና ስለ አሜሪካ ተመራማሪዎች ሳነብ የቆየሁ ሰው፣ ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረኝም። አንድ ጎረቤት መድኃኒት አዋቂ እንዳለ ነገረን። አከራዬ አመነቱ። በልጅነታቸው ሆድ ላይ በየቀኑ ሲወጋ ያዩት መርፌ ነበር የሚያስፈራቸው። ቁስሉን ዐሥራ አምስት ደቂቃ በውኃና በሳሙና አጠብነው፤ መርፌው ዛሬ ክንድ ላይ ጥቂት ጊዜ ብቻ እንደሚሰጥ እየነገርኳቸው ልጅቷን ወደ ሕክምና ወሰድናት። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 1885 የዘጠኝ ዓመቱን ጆሴፍ ሜይስተርን ከከተበ ወዲህ ይህ በሽታ መከላከያ አለው። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን አያድንም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች እንደሚሞቱበት ይገምታል፤ ከመቶ አርባው ዕድሜያቸው ከዐሥራ አምስት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ምክንያቱም ከቡችላ ጋር የሚጫወተው ልጅ ነው።

ሐኪሙ ልጅቷን መርፌ አስጀምረው ቡችላውን ዐሥር ቀን እንድንጠብቀው ነገሩን። በሽታው በምራቁ የሚተላለፍበት ደረጃ ላይ ደርሶ ከሆነ በዚያ ጊዜ ውስጥ መታመሙ ይታወቃል።

ዐሥር ቀን ከግቢ አልወጣሁም። ረጅም ገመድ አሰርኩለትና አጠገቡ ወንበር አደረግሁ። ውኃ ይጠጣል? ድምፁ ተለውጧል? ብርሃን ይሸሻል? ጭራው እንዴት ነው? እንዲያ አተኩሬ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። በሦስተኛው ቀን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ሊሮጥ ሲል አስቀድሞ ጆሮው ይዞራል። ጆሮው ሳይዞር «ና!» ካልኩት ይመጣል፤ ከዞረ በኋላ ብጮህ ከንቱ ነው። ሲደክመው ያዛጋል፤ ካዛጋ ወዲያ ትምህርት የለም። ሦስት ደቂቃ፣ አንዲት ቁራሽ፣ ከዚያ ዕረፍት። ልጅቷን የጫራትም አዛግቶ ፊቱን ሲያዞር ጨዋታው ስላልቆመለት ሊሆን እንደሚችል ያን ጊዜ ገባኝ። ነግሮን ነበር፤ የሰማው አልነበረም።

ያ የፕሊኒ ተረት የነካው እውነት ይኸው ነው። የውሻውን እንቅስቃሴ የሚያነቡት ሰዎች እንደ ጅል ተቆጥረዋል። ግን ቡችላን ማሠልጠን የሚጀምረው እርሱን ከማንበብ ነው። ልቡ ተበተነ የምንለው ቡችላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ልቡ የተበተነ ጌታ ያለው ነው።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ከልብ ሳምባ ቢያገኝ በደስታ የሚውጥ ጤነኛ ቡችላ ነበር። ሦስት ወር ሲሞላው አስከተብኩት፤ የወረቀቱን ማስረጃ አከራዬ ከልጅቷ የክትባት ካርድ ጋር አንድ ላይ አስቀመጡት። ከጂንካ ስወጣም ለእነርሱ ትቼው ሄድኩ።

ከዓመት በኋላ ልጠይቃቸው ተመልሼ ነበር። ውሻው አድጎ በር ላይ ተጋድሟል። ልዳብሰው ስጎነበስ ልጅቷ ከኋላዬ መጣችና እጄን ያዘችኝ። «አሁን ተወው» አለችኝ፤ «ጆሮውን አታየውም?»