ያልጮኸው ውሻ

«ውሻ በበላበት ይጮሃል» ይላል ያገራችን ሰው። ያልጮኸ እንደሆነስ? አርተር ኮናን ዶይል በ1892 ባወጣው አንድ አጭር ታሪክ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው) ሼርሎክ ሆልምስ ዋናውን ፍንጭ የሚያገኘው ከዚህች ጥያቄ ነው። ሌሊት ፈረስ ከጋጣ ሲወሰድ የጋጣው ውሻ ዝም አለ። ዝም ያለውም የወሳጁን ማንነት ስለሚያውቅ ነው፤ የቤት ሰው ነበራ!

እንግሊዛዊው ማርክ ሃደን በ2003 ላሳተመው ልቦለድ አርእስቱን የወሰደው ከዚሁ ታሪክ ነው። ባለታሪኩ ክሪስቶፈር የ15 ዓመት ልጅ ነው፤ ስዊንደን ከተማ ከአባቱ ጋር ይኖራል። ሒሳብ ይወዳል፤ ሰው ሲነካው አይችልም፤ መዋሸት አይሆንለትም። አንድ ሌሊት የጎረቤት ውሻ በመንሽ ተወግቶ ሞቶ ያገኛል። ማን ገደለው? ብሎ ሠፈሩን ቤት ለቤት ይጠይቅ ጀመር። አባቱ «ሰው ጉዳይ አትግባ» አለው፤ ልጁ ግን አይተውም። በኋላ በአባቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ለራሱ የተላኩ ደብዳቤዎች ያገኛል። ፖስታው ላይ የተመታው ቀን እናቱ በልብ በሽታ ሞተች ከተባለበት ጊዜ በኋላ ነው። የሞተ ሰው ደብዳቤ አይጽፍ! እናቱ ለካ ለንደን ናት። ውሻውንም የገደለው አባቱ ኖሯል።

ልጁ የሠራው እኮ እኛ ክፍል ውስጥ የምንማረውን ነው፤ ቀንን ከቀን፣ ወሬን ከወረቀት ማመሳከር። እኔን ግን የባሰ ያስገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ደራሲው ለልጁ ጠባይ በልቦለዱ ውስጥ የበሽታ ስም አልሰጠውም። ስሙ የነበረው ከውጭ፣ በመጀመሪያዎቹ እትሞች ሽፋን ላይ ነው፤ «አስፐርገር»። ይህ ስም ደግሞ የራሱ ቁም ሣጥን ነበረው።

ሐንስ አስፐርገር የቪየና የሕፃናት ሐኪም ነበር። በ1944 ስለ አራት ወንዶች ልጆች ጽፎ አወጣ፤ ከሰው ጋር መግባባት ይቸግራቸዋል፣ በሚወዱት ነገር ግን ብርቱ ናቸው አለ። እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሎርና ዊንግ፣ ራሷም የኦቲዝም ልጅ እናት፣ በ1981 ስሙን አስተዋወቀችው። በ1994 በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መጽሐፍ ገባ፤ በ2013 «ኦቲዝም» በሚለው ተጠቃለለና ወጣ። አስፐርገር ግን በናዚ ዘመን ልጆችን ከሞት ያተረፈ ደግ ሰው እየተባለ ይነገርለት ነበር።

ኋላ ሄርቪግ ቼህ የተባለ የቪየና የታሪክ ሰው መዛግብቱን አገላበጠ፤ በ2018 ያገኘውን አሳተመ። በቪየና አም ሽፒገልግሩንድ የሚባል የሕፃናት ተቋም ነበር። ከ1940 እስከ 1945 ወደ 800 የሚጠጉ ልጆች ሞተውበታል፤ ብዙዎቹ ተገድለው ነው። አስፐርገር ወደዚያ ልጆች ልኳል። በ1941 የላካት አንዲት ልጅ ገና ሦስት ዓመት አልሞላትም ነበር፤ በዚያው ዓመት መስከረም ሞተች። ምክንያቱ ምን ተብሎ ተጻፈ? የሳንባ ምች! የክሪስቶፈር አባት የፈጠረው የልብ በሽታ ልቦለድ ነው፤ ይኸኛው ግን መዝገብ ላይ የሰፈረ ነው።

ታዲያ ይህን ያህል ዘመን ማን ዝም አለ? የሚያውቀው ነዋ! ከተቋሙ ሐኪሞች አንዱ ሃይንሪሽ ግሮስ ከጦርነቱ በኋላ በዚያችው ቪየና ለፍርድ ቤት የአእምሮ ሕክምና አዋቂ ሆኖ ዓመታት ሠራ፤ በ1975 የመንግሥት ኒሻን ተሸለመ። ውሻው አልጮኸም፤ ሰውየው የቤት ሰው ነበር።

ዝም ሲባል ደግሞ ጥፋቱ የሚለጠፍበት ሰው አይጠፋም። በአሜሪካ ብሩኖ ቤተልሃይም በ1967 ባወጣው መጽሐፍ ልጁን እንዲህ ያደረገው የእናቱ ቅዝቃዜ ነው የሚለውን ሐሳብ አሰራጨ። ሐሰት ነበር፤ ሆኖም ስንት እናት ራሷን ስትወቅስ ኖረች።

እኛስ ዘንድ? «እርግማን ነው» ሲባል፣ እንግዳ ሲመጣ ልጅ ጓዳ ሲገባ ያላየ ማን አለ? ዘሚ የኑስ የኦቲዝም ልጅ እናት ነበሩ፤ በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ ከሥራቸው ትልቁ ክፍል ያንን የጓዳ በር ማስከፈት ነበር።

አንዳንድ ጓደኞቼ «የሞተ ነገር መቀስቀስ ምን ይጠቅማል? አስፐርገር መልካምም ሠርቷል» ይሉኛል። መልካሙ አይካድም፤ አራቱን ልጆች በጥንቃቄ አይቷል። ዳሩ ግን ያቺ ሕፃንም ታማሚው ነበረች። አንዱን ጽፎ ሌላውን ማስቀረት ታሪክ አይባልም።

ክሪስቶፈር የሚጠይቀው ደፋር ስለሆነ አይደለም፤ ሰው የሚያፍርበትን ማፈር ስለማያውቅ ነው። እኛ ይሉኝታ አለብን። አያቶቻችን ቤት ተቆልፎ የሚኖር ሣጥን እያየን «ምን አለበት?» ሳንል አድገናል። ለመጪው ዕረፍት አገር ቤት የምትሄዱ ወንድሞችና እህቶች፣ በቤታችሁ ስሙ የማይነሳ ዘመድ ካለ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ቀኑን ጠይቁ። መቼ ተወለደ? መቼስ ሞተ ተባለ?