የታቦር ልጆች ሐኪም ቤት

አባቴ የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ነበር። ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ በዕድሩ ቤት በረንዳ ላይ ጠረጴዛውን ዘርግቶ፣ መዋጮ እየተቀበለ በመዝገቡ ላይ ስም በስም ሲያሰፍር እያየሁ አደግሁ። ያ ቤት በእኔ ልብ ከድንኳን፣ ከሰታቴና ከወንበር ጋር ብቻ የተያያዘ ነበር። ሰው ሲሞት ይከፈታል፤ ሐዘኑ ሲያበቃ ይዘጋል። ዕድር የሞተውን ከመቅበር አልፎ የታመመውን ሊያድን ይችል ይሆን ብዬ የጠየቅሁት ብዙ ዘመን ቆይቼ ነው። ጥያቄውን የጫረብኝም ከአገሬ እጅግ የራቀ፣ በአሜሪካ ሚሲሲፒ የሚገኝ የአንድ ሕንፃ ታሪክ ነው።

ሕንፃው ያለባት ትንሽ ከተማ ማውንድ ባዩ ትባላለች። በ1887 የቆረቆሯት (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከባርነት የወጡት አይዛያ ሞንትጎመሪና ዘመዱ ቤንጃሚን ግሪን ናቸው። ጫካና ረግረጉን አስመንጥረው፣ በባቡር ሐዲድ ዳር፣ ከንቲባዋም ነጋዴዋም ጥቁር የሆነች ከተማ አቆሙ። በዙሪያዋ ያለው ምድር ግን የጥጥ አገር ነበር፤ መሬቱ በአብዛኛው የነጭ፣ ጉልበቱ የጥቁር የእኩል አራሽ። የእኩል አራሹ ሲታመም ወደ ነጮቹ ሐኪም ቤት ቢወሰድ በጎን በር ይገባል፤ የሚተኛውም ብዙ ጊዜ በምድር ቤት ነው። ጥቁር ሐኪም ቢኖረው እንኳ ያ ሐኪም እዚያ ገብቶ ሊያክመው አይፈቀድለትም ነበር።

በዚህ አገር እንደኛ ዕድር ያለ፣ አባላቱ እያዋጡ የሚረዳዱበት ማኅበር ነበር። ስሙ «የታቦር ፈረሰኞችና ሴቶች ልጆች» ይባላል። በ1872 በሚዙሪ ክፍለ ሀገር ያቋቋመው ሞዝስ ዲክሰን የተባለ ጥቁር ሰባኪ ነው። እኛ ታቦር ሲባል ቡሄና ችቦ ትዝ ይለናል። እነርሱ ስሙን የወሰዱት ከመጽሐፈ መሳፍንት ነው፦ ዲቦራና ባርቅ እስራኤልን ከከነዓናውያን ቀንበር ያላቀቁበት ተራራ። ከባርነት ለወጣ ሕዝብ ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ይገኛል?

ማኅበሩ እንደኛው ዕድር በቀብር ገንዘብ የታወቀ ነበር። በ1930ዎቹ መጨረሻ የሚሲሲፒው መሪ ፔሪ ስሚዝ «ሐኪም ቤት እንሥራ» ብሎ ተነሣ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ከጥጥ ለቃሚና ከልብስ አጣቢ የተለቀመው ሳንቲም ከ100,000 ዶላር በላይ ሆነ፤ የካቲት 12 ቀን 1942 ታቦሪያን ሐኪም ቤት በብዙ ሺሕ ሕዝብ ፊት ተመረቀ። አርባ ሁለት አልጋ፣ ሁለት ዋና የቀዶ ሕክምና ክፍል፣ የራጅ መሣሪያና ላቦራቶሪ ነበረው። ሐኪሙም ነርሱም ጥቁር ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ የፊት በር ነበረው፤ በዚያ በር የገባው በሽተኛ የተለመነለት ድኻ ሳይሆን የቤቱ ባለቤት ነው።

መዋጮው ለአንድ ዐዋቂ በዓመት 8 ዶላር ከ40 ሳንቲም ነበር፤ ለወር ሲታሰብ 70 ሳንቲም መሆኑ ነው። በዚህ ገንዘብ አባሉ ቀዶ ሕክምና ጭምር እስከ 31 ቀን ተኝቶ ይታከማል፤ ሲሞትም 200 ዶላር ለቀብሩ ይከፈላል። ቀብሩ አልቀረም፤ ከፊቱ ሕይወት ተጨመረለት እንጂ።

ማኅበርተኛ ባለበት ጠብ አይጠፋምና እዚያም ጠፍቶ አልቀረም። ዝነኛው ዋና ቀዶ ሐኪም ቴዎዶር ሐዋርድ ከመሪዎቹ ጋር ተጣልቶ በ1947 ወጣ፤ ሌላ ማኅበር መሥርቶም በዚያችው ከተማ ሌላ የሕክምና ቤት ከፈተ። ታቦሪያንን ያዳከመው ግን ይህ ብቻ አይደለም። ከ1946 የሂል በርተን ሕግ ወዲህ የመንግሥት ገንዘብ ለሌሎች ሐኪም ቤቶች ሲፈስ፣ ይህኛው በአባላቱ ሳንቲም መኖር ነበረበት። የሕክምና ዋጋ ናረ፤ የጥጥ መልቀሚያ መኪና ገብቶ ጉልበተኛውን ከእርሻው አስወጣው፤ ወጣቱ ወደ ሰሜን ከተሞች ተሰደደ፤ መዝገቡ ሳሳ።

በ1967 የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ ሰጥቶ ሁለቱ ተቀናቃኝ ቤቶች አንድ ሆኑ። ስሙ ተለወጠ፤ አስተዳደሩም ከማኅበርተኛው እጅ ወጣ። የሰብአዊ መብት ታጋይዋ ፋኒ ሉ ሄመር መጋቢት 14 ቀን 1977 ያረፈችው በዚሁ ሐኪም ቤት ነው። በ1983 ተዘጋ፤ ሕንፃውም ለረጅም ዓመታት ባዶውን ቆመ።

ስለዚህ መንግሥት ገባና ነገሩን አበላሸ ልበል? እንዲህ ማለት ቀላል ነው፤ እውነቱ ግን ከዚያ ይወሳሰባል። 8 ዶላር ከ40 ሳንቲም ለመክፈል አቅም ያጣው ድኻ ሕክምና ያገኘው በዚያ በመንግሥት ገንዘብ ነው። ቢሆንም ከፋዩ ሕዝብ ተቀባይ ሲሆን አንድ ነገር ጠፍቷል። ያዋጣ ሰው በስብሰባ ይጠይቃል፣ ይቆጣል፣ መሪ ይሽራል። የተሰጠው ሰው ግን ሰጪው እጁን ሲሰበስብ ዝም ብሎ ከማየት በቀር ምን ማድረግ ይችላል?

አባቴ ከመሞቱ በፊት ለሰባት ወር ተኝቶ ነበር። ዕድርተኛው እየተፈራረቀ ጠየቀው፤ ሙቅና ዳቦ ይዞ መጣ። ለመድኃኒት ግን የዕድሩ ደንብ አንድ ሳንቲም አይፈቅድም ነበር፤ ደንቡን በእጁ የጻፈውም ራሱ አባቴ ነው። ባረፈ ዕለት ድንኳኑ ሳይረፍድ ተተከለ፤ ወንበሩም ሳይጎድል ተደረደረ። ማንንም አልወቅስም። ዕድራችን ቃሉን ጠብቋል።

መዝገቡ ዛሬ እኔ ዘንድ አለ። ስገልጠው ከአባቴ እጅ ጽሑፍ ጋር የማላውቃቸው የሚሲሲፒ የእኩል አራሾች ይታዩኛል። እነርሱም እንዲህ ያለ መዝገብ ነበራቸው፤ ደንባቸው ላይ አንድ አንቀጽ ጨመሩበት። እኛስ ያን አንቀጽ ለመጨመር ምን ይጎድለናል?