ከአጋፋሪው ደጅ እስከ ማስታወቂያ ሰሌዳው

ሹመት ፈላጊው ስንቁን ቋጥሮ፣ በቅሎውን ጭኖ ከአገሩ ይነሳል። ጉዞው ወደ መኳንንቱ ወይም ወደ ንጉሡ ግቢ ነው። ከግቢው በር አጋፋሪው አለ፤ አጋፋሪውን ቢያልፍ እልፍኝ አስከልካዩ ይጠብቀዋል። ጌታው ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም ይከተላል፤ ሲመለስ ከደጅ ይቆማል፤ እጅ መንሻ ያቀርባል። ከዓይን እስኪገባ ወራት ያልፋሉ፤ አንዳንዱም ዓመታት ይቆጥራል። አባቶቻችን ይህን ደጅ ጥናት አሉት።

ልማዱ ያለ ምክንያት አልተፈጠረም። ሹመት ማለት መሬትና ግብር በነበረበት ዘመን ሿሚው ከሁሉ አስቀድሞ የሚሻው ታማኝነትን ነበር፤ ታማኝነት ደግሞ ደጅ በመቆም ይመዘን ነበር። ችግሩ በሞገስ የተገኘ ሹመት ሞገስ ሲጎድል አብሮ መሄዱ ነው። ሹም ሽሩ መቼ እንደሚመጣ የማያውቅ ሹም በቆይታው የቻለውን ይሰበስባል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ክፋቱ ከሰዎቹ ጠባይ ብቻ የመነጨ አይመስለኝም፤ ከአሿሿሙም ነው።

በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ ነገሩ መለወጥ ጀመረ። የጦሩ ለፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ የፍርዱ ለአፈ ንጉሥ ናሲቡ ተሰጠ። መሥሪያ ቤት ሲኖር መዝገብ ይኖራል፤ መዝገብ ሲኖር ጸሐፊና ሒሳብ አዋቂ ያስፈልጋል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም የቤተ መንግሥቱ ሀብትና የመንግሥቱ ሀብት ይለይ ብለው የተከራከሩት በዚያው ዘመን ነው። ያ ካልተለየ ሠራተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ሊባል አይችልም፤ የጌታው አሽከር ነው።

ሆኖም ቅጥር በሕግ እስኪታሰር ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጀ። በ1954 ዓ.ም. ትእዛዝ ቁጥር 23 የመንግሥት ሠራተኞችን ጉዳይ በማዕከል የሚመራ መሥሪያ ቤት አቋቋመ፤ በ1955 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 1 ደግሞ ሠራተኛው የሚተዳደርበትን ሥርዓት ዘረዘረ። በደርግ ዘመን ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀው በምደባ ይሄድ ነበር። ሥራ ፍለጋ መንከራተት ቀረለት፤ የመምረጥ ነጻነቱም አብሮ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጆች ተከታትለው መጡ፦ በ1994 ቁጥር 262፣ በ1999 ቁጥር 515፣ በ2010 ቁጥር 1064፣ በ2017 ቁጥር 1353። አዋጅ 515ን ያነበበ ሰው የደጅ ጥናቱ ዘመን ምን ያህል እንደራቀ ያያል። ክፍት መደብ ሊያዝ የሚገባው ተፈላጊውን ችሎታ ባሟላና ከተወዳዳሪዎቹ ብልጫ ባገኘ ሰው ነው ይል ነበር። በብሔር፣ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት ወይም በአካል ጉዳት ማበላለጥን ይከለክል ነበር። ውጤታቸው እኩል ወይም ተቀራራቢ ከሆነ ለሴቶችና ለአካል ጉዳተኞች ቅድሚያ ይሰጥ ነበር። የሙከራ ጊዜውንም ስድስት ወር አድርጎ ወስኖ ነበር።

ይህን ሁሉ ይዘን አራት ኪሎ ብንወጣ ወጣቶች ጋዜጣ ተከራይተው ክፍት የሥራ ቦታ ሲያነቡ እናገኛለን። ኦሪጅናልና ኮፒ በፋይል ይዘው የሥራ ልምድ «ዜሮ ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ይፈልጋሉ። ካገኙም በኋላ ጎረቤት የሚጠይቃቸው «ፈተናው ከበደህ?» ብሎ አይደለም። «ሰው አለህ ወይ?» ነው። አጋፋሪው ከበሩ ተነስቶ ከልባችን ውስጥ ቆሟል። ጥያቄው ብዙ ጊዜ ከልምድ የመጣ ስለሆነ ያማል፤ ጥሩ ውጤት ያለውን ልጅ ከመመዝገቡ በፊት ተስፋ ያስቆርጠዋልና።

ስለዚህ ለተመዝጋቢው የምለው አለኝ። ማስታወቂያውን ፎቶ አንሳው፤ የሥራ መደቡን መጠሪያ፣ ደረጃውንና የምዝገባውን መጨረሻ ቀን ጻፍ። ፈተናውና ቃለ መጠይቁ ከመቶ ስንት እንደሚይዙ ከመፈተንህ በፊት ጠይቅ። ውጤቱ ሲለጠፍ ቆመህ አንብብ። ቅር ካለህ ቅሬታህን በጽሑፍ አስገባ፤ ግልባጩ ላይም የመዝገብ ቤት ማኅተም አስመታ። ደጅ ጠኚው ጌታው ሲነሳው የሚያሳየው ወረቀት አልነበረውም። አንተ ግን አለህ።