ጉልቻና ጣሪያ

ባለፈው ዓመት በጥቅምት መጨረሻ፣ ውርጩ የባቄላውን ማሳ ባጠቆረበት ሰሞን፣ ከእናቴ ቤት ምድጃው አጠገብ ተቀምጬ እሳት እሞቅ ነበር። አምባ ጊዮርጊስ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከ2800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች የወገራ ከተማ ናት፤ አንድ ሌሊት ያደረባት ሰው ብርዷን አይረሳም። እናቴ በጭሱ ሳቢያ ዓይኖቿን እየጠራረገች ትስላለች። «ይህን ምድጃ አፍርሰን ሌላ እናስገባ» አልኋት። ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ልጄ፣ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» አለችኝ።

ተረቱ ስለ ወጥ እንጂ ስለ ብርድ አይናገርም ብዬ ልከራከር አሰብሁና ተውሁት። የባንክ ሠራተኛ ነኝና ማናቸውንም ንብረት ከእርጅና ቅናሽ ጋር ማሰብ ለምዶብኛል። ሦስት ድንጋይ ግን አያረጅም፤ በመዝገብ ቢሰፍር ዋጋው ዛሬም ያው ነው። ታዲያ ያረጀው ምንድን ነው? ይህ ጥያቄ ከዚያ ምሽት ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም።

አያቴ ይኖሩበት የነበረው ቤት ክብ ሆኖ ክዳኑ ወፍራም ሣር ነበር። ከብቶቹ የሚያድሩት እዚያው ጋጣው ውስጥ ነው፤ ሰው ከምድጃው ዙሪያ መደብ ላይ፣ ልጆች ደግሞ ቆጡ ላይ ይተኛሉ። ጭሱ በሣሩ ውስጥ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ሲወጣም ክዳኑን በጥቀርሻ እየለበጠ ከነቀዝ ይጠብቀዋል። ሙቀቱን የሚሰጠው እንግዲህ ምድጃው ብቻ አልነበረም። የከብቱ ትንፋሽ፣ የሣሩ ውፍረትና እሳቱ ተባብረው ነው ቤቱን የሚያሞቁት።

እኛ አስቀድመን የለወጥነው ጣሪያውን ነው። ቆርቆሮ በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ገባ፤ ወደ እኛ አገር የመጣው ግን ቆይቶ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን በተሠራው የጎንደር መንገድ በመኪና እየተጫነ ነው። ቆርቆሮ ዝናብ አያስገባም፣ በየጊዜው ክፈፉኝ አይልም፣ የኑሮ መሻሻል ምልክትም ሆነ። ሙቀትን ግን አይዝም። ምድጃው ያሞቀውን አየር ቆርቆሮው ለሰማይ ያስረክበዋል፤ ሊነጋ ሲል ከሥሩ ጤዛ ይንጠባጠባል። ከብቶቹም ለጤና ሲባል ከቤት ወጡ፤ መውጣታቸው መልካም ነው። ከሦስቱ ሁለቱ ሲሄዱ ሸክሙ ሁሉ በምድጃው ላይ ወደቀ፤ ምድጃውም እንጨት አብዝቶ ይበላ ጀመር።

እንጨት ደግሞ በዚህ አገር ነገሥታትን ጭምር ያንከራተተ ነገር ነው። ከጎንደር በፊት የነበሩት ነገሥታት በድንኳን ከተማ ይዘዋወሩ የነበሩት ለጦርነትና ለግብር ብቻ አልነበረም፤ ሠራዊቱ የሰፈረበትን አካባቢ እህልና ማገዶ ሲጨርስ መነሣት ግድ ይሆን ነበር። ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ቆርቁረው ያን መንከራተት ገቱት። ዛሬ በወገራ ጥድና ወይራ ሰብሰብ ብለው የሚታዩት በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው፤ የቀረውን ማን እንዳነደደው መገመት አያዳግትም። ከእኛ ቤተሰብም እጅ አለበት።

አዲስ አበባም ከዚህ ዕጣ ለጥቂት ነው ያመለጠችው። በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ብዙም ሳይቆይ ማገዶ ስለ ጠፋ፣ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን በስተምዕራብ ወዳለችው አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ከተማዋን ያዳናት በ1887 ዓ.ም. ገደማ የገባው ባሕር ዛፍ ነው፤ ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆርጡት መልሶ ያቆጠቁጣል። በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። በ1905 ዓ.ም. ገደማ ይህ ዛፍ ውኃ ያደርቃል ተብሎ ሁለት ሦስተኛው እንዲነቀል ታዝዞ ነበር፤ ነገር ግን ብርድና ረኀብ ያለበት ሰው ማገዶውን አይነቅልምና ትእዛዙ ከወረቀት ብዙም አላለፈም።

እናቴ ዛሬ የምታነደው ያንኑ ባሕር ዛፍ ነው፤ ሲያጥርም ኩበት። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ኩበቱ ነው። ምድጃ ውስጥ የገባ ኩበት ወደ ማሳ የማይመለስ ፍግ ነው፤ የወገራ ገብስና ባቄላ ደግሞ የሚዘራው በደከመ አፈር ላይ ነው። እሳት ዳር ስንሞቅ የምንሞቀው የከርሞን አዝመራ ነው ብል ብዙ አላጋነንሁም።

ምን እናስገባ? በ1980ዎቹ ዓ.ም. የተሠራው «ምርጥ» የሚባለው ከሲሚንቶና ከገለባ ድንጋይ የሚቀረጽ የእንጀራ ምድጃ፣ ከሦስቱ ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ግን እሳቱን ስለሚከልል ቤት አያሞቅም። የኤሌክትሪክ ምድጃው ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን መብራት የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ እኛ በምንፈልገው ሰዓት ነው። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማንደድ ደግሞ እንቅልፍ የወሰደውን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል፤ ይህን እናቴም ታውቃለች።

ስለዚህ በሌላ ጫፍ ጀመርሁ። ገንዘቡ መጀመሪያ ወደ ጣሪያው ይሂድ፤ የመኝታው ክፍል ኮርኒስ ይመታ አልኋት። ኮርኒስ ከገባ ግን ጭስ መውጫ ስለማይኖረው ከዚያ ክፍል ምድጃው መውጣት አለበት። ይህን ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች።

«ጎረቤት ሲመጣ የት ተቀምጦ ይሞቃል?» አለችኝ በመጨረሻ።

መልስ አልነበረኝም። በኋላ ተስማማን፦ መኝታው ኮርኒስ ይመታለታል፤ «ምርጡ» ከማድ ቤቱ ይተከላል፤ ሦስቱ ጉልቻ ደግሞ ለቡናና ለእንግዳ ብቻ ከማድ ቤቱ ሌላ ጥግ፣ ከመስኮቱ ሥር ይቀመጣሉ። አናጺው ከጥምቀት በኋላ እመጣለሁ ብሏል። እናቴ እስከዚያ ድረስ ኩበት እንዳይገዛ ተስማምታለች፤ ማታ ማታ ግን አሁንም ከድሮው ምድጃ አጠገብ ጋቢዋን ተከናንባ ነው የምትቀመጠው።