የጊሎ በሽታና የማይታዩት ሞተሮች

የጊሎ ወንዝ የሚነሣው ከሚዛን ተፈሪ አካባቢ ደጋ ነው። የቡናውን አገር ለቆ ወደ ጋምቤላ ቆላ ይወርድና በደቡብ ሱዳን ወሰን ከፒቦር ጋር ይገናኛል። በ1959 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1967) በዚሁ ወንዝ ዳር በሚኖሩ አኙዋዎች መካከል የእንቅልፍ በሽታ ተገኘ፤ በኢትዮጵያ በሰው ላይ ሲታወቅ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ወዲህ የበሽታው ታሪክ ሲጻፍ ዋናው ባለጉዳይ ፄፄ የተባለው የቆላ ዝንብ ነው። ይህ አጻጻፍ ስሕተት ባይሆንም ግማሽ ነው ባይ ነኝ። ዝንቡ አድራሽ ብቻ ነው። ገዳዩ ትሪፓኖሶም የተባለ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ነው፤ እርሱም የሚኖረው ፍላጄለም በሚባል ጅራፍ መሰል አካሉ ውስጥ ዕቃ በሚያመላልሱ ፕሮቲኖች ነው።

ፍላጄለምና የመተንፈሻ ቧንቧችንን የሚያጸዳው ሲሊያ በአሠራር ዘመዳሞች ናቸው፤ ዙሪያውን ዘጠኝ ጥንድ ቱቦ፣ መሐሉ ላይ ሁለት ነጠላ ቱቦ አላቸው። ፍላጄለሙ የሚያድገው ከጫፉ ነው፤ ፕሮቲን ግን እዚያ ውስጥ አይመረትም። የግንባታው ዕቃ ሁሉ ከሕዋሱ ገላ ተጭኖ መሄድ አለበት። ይህን ጉዞ እ.ኤ.አ. በ1993 በዬል ዩኒቨርሲቲ ኪት ኮዝሚንስኪ፣ ጆኤል ሮዘንባውምና ባልደረቦቻቸው በአንድ አረንጓዴ የውኃ ዋቅላሚ ላይ በዓይን አዩት። ወደ ጫፍ የሚወስደው ኪኔሲን-2 የተባለ ሞተር ፕሮቲን ነው፤ ሁለት ራሶቹ ቱቦውን በየተራ እየያዙ 8 ናኖሜትር 8 ናኖሜትር ይራመዳሉ። የሚመልሰው ዳይኒን-2 ቀለበት መሳይ ሞተር ሲሆን ሲወጣ እርሱ ራሱ ሥራ ፈትቶ እንደ ጭነት ይጓዛል። ተመራማሪዎች ባቡር በሚሏቸው የፕሮቲን ሰንሰለቶች ላይ ተጭኖ የሚሄደው ዕቃ ከሚመለሰው ጋር አይጋጭም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ስቴፓኔክና ፒጂኖ የተባሉ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ከጥንዱ ቱቦ አንዱ ለመሄጃ፣ ሌላው ለመመለሻ ነው። ትሪፓኖሶም ደግሞ ከዘጠኙ ጥንዶች ለዚህ ሥራ የሚጠቀመው በዋነኛነት በአራተኛውና በሰባተኛው ነው፤ ቁጠባው ይገርማል።

ይህ ሁሉ ለጥገኛው ጌጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ሊንዳ ኮልና ባልደረቦቿ ይህን መጓጓዣ የሚሠሩ ጂኖችን ሲያፍኑ አዲሱ ፍላጄለም አጠረ፣ ገላውም አብሮ አነሰ፤ በመጨረሻም ሕዋሱ መከፈል ተሳነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ጥገኛው ሲዋኝ የሚፈጠረው የፈሳሽ ግፊት በላዩ የተለጠፉትን ፀረ እንግዳ አካላት ወደ ኋላው ጠርጎ እንደሚያስውጠው ታወቀ። እንግዲህ ጉዞው ከቆመ ፍላጄለም የለም፤ ፍላጄለም ከሌለ መራባትም መከላከያም የለም። ገንዲ የሚባለው የከብት በሽታ የሚመጣውም ከትሪፓኖሶሞች ነው፤ እነርሱም ባለ ፍላጄለም ናቸው። ገንዲን በመቋቋም የሚታወቀው የሸኮ ከብት ዝርያ በየቀኑ የሚታገለው ከነዚህ ጋር ነው።

ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። አንደኛው፣ ሞተሮቹ በእኛም ውስጥ አሉና እነርሱን የሚያቆም መድኃኒት በሽተኛውንም ይጎዳል የሚለው ነው። ሥጋቱ እውነት ነው፤ በዳይኒን-2 ጉድለት የጎድን አጥንታቸው አጥሮ የሚወለዱ ሕፃናት አሉ። ሆኖም የትሪፓኖሶሙ ዳይኒን-2 ከሁለት የተለያዩ ከባድ ሰንሰለቶች የተሠራ ሲሆን የሰው ግን አንድ ዓይነት ብቻ ነው ያለው፤ ዒላማ የሚፈለገው እንዲህ ካለው ልዩነት ላይ ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፤ ወጥመድና ፀረ ተባይ ዝንቡን ሲያዳክሙ ኪኔሲንን ማንም አላማከረም፣ ዛሬ ለበሽታው የሚሰጠው ፌክሲኒዳዞል የተባለው መድኃኒትም ከዚህ ጥናት የመጣ አይደለም። እቀበላለሁ። ነገር ግን በሽታው ከአሥርታት ዝምታ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2022 በኦሞ አካባቢ እንደገና ታይቷል፤ ዝንቡን ማዳከም ብቻውን ጥገኛውን አላጠፋውም። ስለዚህ ጥገኛውን ራሱን ማወቅ ያስፈልጋል። የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ከጊሎ ወንዝ መነሻ አጠገብ ነው ያለው፤ የትሪፓኖሶምን ፍላጄለም ከውጭ አገር መጻሕፍት ብቻ ሳይሆን ከሸኮ ከብት ደም በማይክሮስኮፕ ማስተማር ይጀምር።